እሺ የማይባልበት መስኮት

መስኮት ቁጥር ዘጠኝ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ “ሠራተኛዋ የለችም፣ ነገ ተመለሱ” ተብሎበት አያውቅም። ደሴ ውስጥ እንዲህ የሚባልለት ሌላ መስኮት የለም። መስታወቱ በየጠዋቱ ይወለወላል። ተራ የያዘ ሰው ሳይስተናገድ መስኮቱ እንዳይዘጋም በደንቡ ተደንግጓል። ከበላዩ በትልልቅ ፊደል “የእምቢታ መመዝገቢያ” ተብሎ ተጽፏል።

ከመስኮቱ ኋላ የምትቀመጠው ጦይባ ይማም ናት። በ2096 ዓ.ም. አርባ አራት ዓመት ሞላት፤ ከእነዚህ ውስጥ አሥራ ሁለቱን ያሳለፈችው በዚህ ወንበር ላይ ነው። መስኮቱ ያለበት የስምምነት ጽሕፈት ቤት ሲቀጥራት ፈተናው አንድ ብቻ ነበር፤ በር ላይ ለቆመ እንግዳ “ግባ” እንድትል ተጠየቀች። እንዴት አድርጋ እንዳለችው ዛሬም ድረስ ለአዲስ ሠራተኞች ማሠልጠኛ ይሆናል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሐሙስ ጠዋት፣ ሕዝቡ “ጆሮ” እያለ የሚጠራው በየቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ዕቃ የሳምንቱን ጥያቄ ያነባል። እሺ ያለ ተስማምቷል። ዝም ያለም ተስማምቷል። ጥያቄው በሚነበብበት ሰዓት ሚስቱ ከጓዳ “ጨው አቀብለኝ” ብላው እሺ ያለ ባልም ተስማምቷል። ወሬ ስንሰማ እንደምናደርገው ትንፋሹን አጠር አድርጎ ወደ ውስጥ ሳብ ያደረገም ተስማምቷል፤ ጆሮው ያቺን ትንፋሽ ለይቶ ለማወቅ ሦስት ዓመት ፈጅቶበታል ይባላል።

ያልተስማማ ሰው ደግሞ እስከሚቀጥለው ረቡዕ ድረስ በአካል ቀርቦ እዚህ መስኮት ላይ እምቢ ይላል። ለአንድ ጥያቄ እስከ ሦስት ጊዜ መሞከር ይችላል። ነገር ግን በሩን ገብቶ እስኪወጣ ድረስ አንዲት እሺ ከአፉ ከወጣች እምቢታው ይሰረዛል፤ ሐሳቡን ለውጧል ማለት ነውና። ከአንድ ከተማ መቶ እምቢታ ከተመዘገበ ጥያቄው እንደ ድሮው በወረቀት፣ በሳጥንና በሚስጥር በሚሰጥ ድምፅ ይወሰናል። ደሴ ውስጥ እስካሁን የተመዘገበው እምቢታ ዜሮ ነው።

ሰው ስላልመጣ እንዳይመስላችሁ። ጦይባ ብቻዋን ከአራት መቶ በላይ ሰው አስተናግዳለች። ሁሉም ተቆጥተው ገቡ፣ ሁሉም ተስማምተው ወጡ። አንድ የሸዋ በር ነጋዴ በሩን በእግሩ በርግዶ፣ እጁን እያወራጨ ነበር የገባው። ጦይባ ብድግ ብላ “በሞቴ፣ መጀመሪያ ዐረፍ ይበሉ” አለችው። “እሺ እህቴ” አለና ተቀመጠ። ከመስኮቱ በላይ ያለው መብራት አረንጓዴ ሆነ፤ “ስምምነትዎ ተመዝግቧል፣ እናመሰግናለን” የምትል ወረቀትም ወጣች። ሰውየው ወረቀቷን ይዞ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ።

ወጥመዱ የተደበቀ አይደለም። ደንቡ በሩ ላይ ተለጥፏል፤ የሚመጣው ሁሉ አንብቦት ነው የሚገባው። ችግሩ ማወቁ ላይ አልነበረም። ደሴ ተወልዶ ያደገ ሰው፣ አንዲት ሴት ከመቀመጫዋ ተነስታ በሞቴ ስትለው ጭጭ ብሎ እንዴት ይቁም? ምላሱ ይቀድመዋል። ጦይባም ለራሷ የምትለው ነበራት። ማንንም አላስገደድኩም፣ ወንበር ነው የሰጠሁት ትላለች። በዚህች ሐሳብ አሥራ ሁለት ዓመት ጥሩ እንቅልፍ ተኝታለች።

የዚያ ሐሙስ ጥያቄ የተነበበው ከአየር ጠባይ ዘገባ ቀጥሎ ነበር። “የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ያለ ምርጫ ለሠላሳ ዓመት ቢራዘም ይስማማሉ?” ወዲያው ሙዚቃ ገባ።

ዓርብ ጠዋት መስኮቱ ሲከፈት የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ እትዬ የሺመቤት ነበሩ። የሰማኒያ አንድ ዓመት ሴት ናቸው፤ ከግማሽ ደሴ በላይ ፊደል ያስቆጠሩ መምህርት። ጦይባም የእጃቸው ሥራ ናት። የዚያን ቀን ገና እምቢ ሳይሉ፣ ወንበር ሲሰጣቸው እሺ ብለው ተሸነፉ። ሰኞ ተመልሰው መጡ።

“እንደምን አደሩ እትዬ የሺ! ብርዱ እንዴት ነው፣ ጉልበትዎን አላመመዎትም?”

“ደህና ነኝ ልጄ።”

“ዐረፍ ይበሉ እንጂ።”

“ቆሜ ይሻለኛል” አሉ፤ ወንበሩን እንደ ክፉ ውሻ በዐይናቸው ጥግ እየጠበቁት።

ጦይባ ደንቡ የሚያዛቸውን ሦስት ጥያቄዎች ጠየቀች፤ ስምዎ ማነው፣ ምን ፈለጉ፣ እርግጠኛ ነዎት። እትዬ የሺ በዚያ ክፍል ሙሉ ልጅ ጸጥ ያሰኝ በነበረ ድምፃቸው “እምቢ” አሉ። መብራቱ ቀላ። ጦይባ ቀይ ሆኖ ያየችው ከስንት ዓመት በኋላ ነበር። አሮጊቷ ዘወር ብለው ወደ በሩ አመሩ። አራት እርምጃ ቀራቸው።

“ደረጃው ያዳልጣል፣ ቀስ ይበሉ። ደህና ይዋሉ እትዬ።”

“እሺ ልጄ፣ ደህና ዋይ።”

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። እትዬ የሺ በዱላቸው ተደግፈው ባሉበት ቆሙ። ከዚያ ተመልሰው ወደ መስኮቱ መጡ።

“አንደኛ ክፍል ሳለሽ፣ ትዝ ይልሻል? እሺ አልልም ብለሽ ጥግ ያቆምኩሽ ቀን።”

“ትዝ ይለኛል።”

“የጓደኛሽን እርሳስ ሰረቅሽ ብዬሽ ነበር። አልሰረቅሁም አልሽ። ሁለተኛ አይለመድሽም፣ እሺ በይ አልኩሽ። እስከ ምሳ ሰዓት ቆምሽ። በመጨረሻ እሺ ስትይ እንዴት ደስ እንዳለኝ! እርሳሱን በማግሥቱ ጠረጴዛዬ ሥር አገኘሁት።” ዱላቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ። “አልነገርኩሽም። አፈርኩ።”

ሥልጠናው ላይ ለዚህ የሚሆን መልስ አልነበረም።

“ረቡዕ እመጣለሁ፤ የመጨረሻዬ ናት” አሉ እትዬ የሺ። “አንድ ነገር ልለምንሽ። ረቡዕ ስመጣ ደግ አትሁኚብኝ።”

ያን ቀን ጦይባ ሌላ ሁለት ሰው አስተናገደች። ሁለቱም እሺ ብለው ወጡ። ሁለተኛው ሲወጣ ፊቷ በኀፍረት ጋለ፤ ወንበር ብቻ ነው የሰጠሁት የሚለው ማጽናኛዋ ሲፈለግ ጠፋ።

ጦይባ ከእናቷ ከወይዘሮ መዲና ጋር የምትኖረው ጦሳ ተራራ ሥር፣ ጽሕፈት ቤቱ ለሠራተኞቹ በሰጠው ቤት ነው። ቤቱ ወለሉ ይሞቃል። የደሴን ብርድ የሚያውቅ፣ በዚያ ላይ ጉልበቱን የሚያመው ሰው፣ የሚሞቅ ወለል ምን እንደሆነ ይገባዋል። ወይዘሮ መዲና እዚያ ቤት ከገቡ ወዲህ ነው ለሶላት ሲንበረከኩ ማቃሰት የተዉት።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ጦይባ ጫማዋን ሳታወልቅ ቁጭ አለች።

“እማ፣ ሰው እንዴት ነው የሚመናጨቀው?”

“ምን አልሽ?”

የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። እርሳሱን ስትነግራቸው ወይዘሮ መዲና “ወይ የሺ!” አሉ፤ ትንፋሻቸውን ሳብ ሊያደርጉ ሲሉ ግን፣ ሐሙስ ባይሆንም እንደ ልማዳቸው ግድግዳውን አይተው ዋጡት።

“ታዲያ ያባርሩሻላ።”

“ያባርሩኛል። ቤቱንም ይወስዱታል። ወለሉንም።”

ወይዘሮ መዲና በእግራቸው ጣት ወለሉን ነካ ነካ አደረጉት። “አልዋሽሽም፣ ይቺ ወለል ውለታዋ አለብኝ። እዚች ላይ ስተኛ የሃያ ዓመት ልጅ የሆንኩ ነው የሚመስለኝ” አሉ። “ግን ከዛሬ ጀምሮ ሰውነቴን ታሞቀዋለች ብለሽ ነው? የእነዚያን ሰዎች እሺ እየረገጥኩ?” ዱላቸውን አነሱና እንደምንም ብድግ አሉ። “ነይ፣ ተነሺ። እኔ የሺመቤት ነኝ እንግዲህ። አንቺ በይኝ።”

“እማ!”

“እማ የለም። መምህርት የሺመቤት ነኝ። በይኝ!”

“ምን… ምን ፈለጉ—”

“ፈለግሽ!”

“ምን ፈለግሽ።”

“እንደሱ እያለቀስሽ አይደለም፤ እየሰለቸሽ በያት። የቀበሌ ጸሐፊ አይተሽ አታውቂም?”

አሥር ጊዜ ደገመችው። በአሥረኛው ወይዘሮ መዲና “እሱ ነው! አሁን እኔም ጠላሁሽ” ብለው ሳቁ። ጦይባም ሳቀች። ግን ፈርታ ነበር። እናቷም ፈርተው እንደነበር ያወቀችው፣ ዱላውን ከግድግዳው ለማስደገፍ ሦስት ጊዜ ሞክረው ሲወድቅባቸው ነው።

ረቡዕ ጠዋት ጦይባ የመጀመሪያ ሥራዋ የባለጉዳይ ወንበሩን አንስታ ጓሮ ማውጣት ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እትዬ የሺ ገቡ። ከኋላቸው በሩ ላይ ሃያ የሚሆን ሰው ቆሟል፤ ፀጉራቸው የሸበተ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ናቸው። መምህርታቸው ለሦስተኛ ጊዜ ሲሸነፉ ላለማየት አንዳንዶቹ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ጦይባ አልተነሳችም። ቀና ብላም አላየቻቸውም። ጥፍሯን እያየች፣

“ስምሽ ማነው?” አለች።

በሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ደርቆ ቀረ። የሰማኒያ አንድ ዓመት ሴት፣ ያውም መምህርቷ፣ አንቺ ተባሉ። አንድ ሰው “ኧረ በስመ አብ!” አለ።

እትዬ የሺ መጀመሪያ ፊታቸው ተለዋወጠ። ከዚያ ገባቸው። ዐይናቸው እንባ አቀረረ፣ ከንፈራቸው ግን ሊስቅ ዳዳው።

“የሺመቤት አርአያ።”

“ምን ፈለግሽ?”

“እምቢ ልል ነው የመጣሁት።”

“እርግጠኛ ነሽ?”

“እምቢ!”

መብራቱ ቀላ። ጦይባ “እዚህ ይፈርሙ” አላለችም፤ መዝገቡን ገፋ አደረገችላቸው። ፈረሙ። እሷም ፊቷን አዙራ መስኮቱን መወልወል ጀመረች። አሮጊቷ ከመስኮቱ እስከ በሩ ያለውን አሥራ አንድ እርምጃ ተራመዱ፣ በሩን አለፉ፣ ደረጃውን ወረዱ። መብራቱ ቀይ እንደሆነ ቀረ። ከበሩ በላይ ያለው የቁጥር ሰሌዳም ለሃያ አንድ ዓመት ከቆመበት ተነቃንቆ “1” አለ።

ማንም አላጨበጨበም። እሺ እንዳታመልጣቸው ሁሉም አፋቸውን ገጥመው ነበር።

“የሚቀጥለው!” አለች ጦይባ። “ምን ይገተራል እዚያ?”

ገቡ። ጦይባ ለአንዱ አዛጋችበት፣ ለአንዱ ስሙን ሦስት ጊዜ አስደገመችው፣ የሸዋ በሩን ነጋዴ “በሩን በእግርህ ነው የምትከፍተው? እንስሳ!” አለችው። ሰውየው ከደስታው ብዛት ሊያቅፋት ምንም አልቀረው። በአራት ሰዓት ሰሌዳው “23” ሲል ወሬው ከተማውን አዳርሶ፣ ሰልፉ ከአጥሩ ውጭ ወጥቶ ነበር።

በአራት ሰዓት ተኩል ኃላፊዋ አቶ ልዑልሰገድ መጡ። አቶ ልዑልሰገድ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። ሠራተኛ ሲያባርሩ እንኳ በር ድረስ ሸኝተው፣ ለቤተሰብ ሰላምታ ልከው ነው። ጦይባ ከእሳቸው ነው የተማረችው።

“ጦይባ እህቴ፣ ምነው ደክሞሽ ይሆን? ሕዝብ እኮ በዚህ ዓይነት አይስተናገድም።”

“ደንቡ ሦስት ጥያቄ ነው የሚለው። ሦስቱንም ጠይቄያለሁ። ሰላምታ የሚል ካለ ያሳዩኝ።”

አቶ ልዑልሰገድ ፈገግ አሉ። ደንቡን እሳቸው ናቸው ያረቀቁት፤ ሰላምታ የሚል እንደሌለው ከማንም በላይ ያውቃሉ። ወጥተው በገዛ እጃቸው ሻይ በትሪ ይዘው ተመለሱና በሩን ገብቶ ተራውን ለሚጠብቀው ሰው ያድሉ ጀመር። “ብርድ ነው፣ ትኩስ ነገር ያዙ። በእኔ ሞት!” ሰባት ሰው በሻዩ ወደቀ። ስምንተኛዋ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ብርጭቆው ሲዘረጋላቸው የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተው ነከሱት። ነክሰው፣ ጀርባቸውን ሰጡ። ከኋላቸው ያለው ሰውዬ የጋቢውን ጫፍ ነከሰ። ትንሽ ቆይቶ ሰልፉ በሙሉ ነጠላውን፣ ሻሹን፣ ኮሌታውን ነክሶ፣ ጀርባውን ለሻይ ትሪው ሰጥቶ ቆመ። አቶ ልዑልሰገድ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ይዘውት ቆዩ።

ከዚያ ወደ መስኮቱ ተመለሱ። “እህቴ፣ ውጪና ዐረፍ በይ። እኔ ልተካሽ።”

ጦይባ ተነሳች። የደረት መታወቂያዋን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ በጎን በር ወጣች፣ ሕንፃውን ዞረች፣ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች። በሌላ ቀን ቢሆን “ኧረ ግቢ፣ ቅደሚ” ይሏት ነበር። ዛሬ ዘወር ብሎ ያያት የለም። ከፊቷ ያለችውን ወጣት “ውስጥ እሱ ነው ያለው፣ ከእኔ የባሰ ነው፣ ተጠንቀቂ” ልትላት ብትሞክር፣ ልጅቷ ነጠላዋን ከአፏ ሳታወጣ “ተራሽን ጠብቂ” አለቻት። ጦይባ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ተከብራ አታውቅም።

ሰልፉ ቀስ እያለ ይሄዳል። አቶ ልዑልሰገድ ጓሮ የወጣውን ወንበር መልሰውታል፣ ለስላሳ ትራስም ጨምረውበታል። ጦይባ የበሩን መስታወት እያየች ነበር፤ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ። አረንጓዴ የበራበት ሰው ራሱን ይዞ ይወጣና ተመልሶ ከሰልፉ ጭራ ይቆማል፤ ሦስት ዕድል አለው። ስምንት ሰዓት ላይ ከኋላዋ የምታውቀው የዱላ ኮቴ ሰማች፤ ከኋላዋ ተሰልፎ የነበረው ሰው ቃል ሳይተነፍስ ቦታውን ለቀቀ። አልዞረችም። ወይዘሮ መዲናም ልጄ አላሉም። ያንን ሁሉ ቁልቁለት በዚያ ጉልበት ወርደው፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ አንዲት ቃል ሳይለዋወጡ፣ አንዷ ሌላዋን እንደማታውቅ ሆነው፣ እናትና ልጅ ቆሙ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሞላ። በሩ አልተዘጋም፤ ደንቡ አይፈቅድም። ሰሌዳው “88” ሲል የጦይባ ተራ ደረሰ።

“ጦይባዬ!” አሉ አቶ ልዑልሰገድ ከመቀመጫቸው ተነስተው። “ብርድ መትቶሻል። ነይ፣ ተቀመጪ።”

ቆመች። ስሟን ጠየቋት፣ ተናገረች። ምን ፈለግሽ አሏት፣ ተናገረች። ሦስተኛውን ከመጠየቃቸው በፊት ወደ መስታወቱ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉት። ሲያዝኑላት የእውነት ያዘኑ ይመስሉ ነበር፤ ምናልባትም የእውነት ነው።

“እኔ ለእማ ነው የማስበው። በዚህ ዕድሜያቸው፣ በዚህ ክረምት፣ ከሞቀ ቤት… እንዲያው እንዳናንገላታቸው። ዛሬ ይቅር። ነገ በጊዜ ነይና ወንበርሽ ላይ ተቀመጪ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ነው የምንቆጥረው። እርግጠኛ ነሽ? ይቅርብን በቃ። እሺ?”

ቃሉ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ጦይባ አንደኛ ክፍል ሆና የቆመችበትን ጥግ አስታወሰች፤ የኖራውን ሽታ፣ ከውጭ የሚጫወቱትን ልጆች ድምፅ፣ ያልሰረቀችውን እርሳስ። ያን ጊዜ የተሰረቀው የእሷ እምቢታ እንደነበር አሁን ገባት።

“እምቢ” አለች።

መብራቱ ቀላ። ፈረመች። ደህና ይዋሉ አላለችም። በሩ ላይ እናቷ ሲገቡ ተገናኙ፤ ትከሻ ለትከሻ ተነካክተው፣ ሳይተያዩ ተላለፉ።

ውጭ ከጦሳ የሚወርደው ብርድ ፊት ይቆርጣል። ጦይባ ደረጃው ሥር ቆማ አዳመጠች። ሰልፉ የአጥሩን ጥግ ዞሮ፣ ቁልቁል እስከ ፒያሳ ድረስ ወርዷል፤ ጫፉ አይታይም።

“እናቴ!” የአቶ ልዑልሰገድ ድምፅ ነው፤ ከማርም ይጣፍጣል። “ኧረ በዚህ ጉልበትዎ! ይቺን ወንበር ለእርስዎ ብዬ ነው ያመጣኋት። ዐረፍ ይበሉ፣ በሞቴ።”

ወንበር ሲሳብ ተሰማ። ከዚያ ዝምታ ሆነ። ዝምታው ረዘመ። ጦይባ የእናቷ ጉልበት ምን ያህል እንደሚያማቸው ታውቃለች፤ ሦስት ሰዓት ነው የቆሙት። የገዛ ነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ነከሰችው።

“እምቢ!” አሉ ወይዘሮ መዲና። “አንተው ተቀመጥባት።”

የበሩ መስታወት ቀላ። ሰሌዳው “90” አለ። ሰልፉም ነጠላውን እንደነከሰ፣ ጸጥ እንዳለ፣ አንድ እርምጃ ወደፊት ተጠጋ።